በአጥሚቱ ውስጥ ማር

«ማሩን ደህና አድርገሽ ጨምሪበት እንጂ! ቀረፋውንም አብዢው፤ ቀረፋው ይሸፍነዋል። እሷ እንደሆነች አታውቀውም።»

አምሳለ ይህን የሰማችው ከኩሽናው በር ጀርባ ቆማ ነጠላዋን ስታጣፋ ነው። የተናገረችው ታላቅ እህቷ ጀማነሽ ናት፤ የታዘዘችው የቤቱ ሠራተኛ ልደት ናት፤ አጥሚቱ ደግሞ የሌላ የማንም ሳይሆን የራሷ የአምሳለ የየጧት ቁርስ ነው። ስኳር በሽታ ያለባት፣ የግራ እግሯ አውራ ጣት ላይ የወጣው ቁስል አልድን ብሎ ክሊኒክ የምትመላለስ፣ ከስኳርና ከማር ከተለያየች ዓመት ያለፋት የአምሳለ! እጇ ነጠላው ላይ እንዳለ ቀረ። ልደት ቀስ ብላ «እትዬ፣ ትናንትም እኮ ብዙ ነው ያደረግነው» ስትል ተሰማት። ጀማነሽም «አንቺን ማን ጠየቀሽ? ሰው አጥንቷ ወጣ፤ ዛሬ እንግዳ ፊት እንዲህ ሆና ልትቀመጥ ነው?» አለች። ከዚያ ማንኪያ ብርጭቆ ውስጥ ሲዞር ተሰማ።

ትናንትም። ከትናንት ወዲያስ? ከዚያስ በፊት? አምሳለ እዚያው ቆማ ወደኋላ አሰበች፤ ባሰበች ቁጥር ፊቷ እየጋለ ሄደ። አጥሚቱ መጣፈጥ የጀመረው ከፋሲካ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ራሷ ጠይቃለች፤ «እቴቴ፣ ይሄ ነገር ጣፈጠኝ» ብላ። ጀማነሽ ዓይኗን በጨው አጥባ «ቀረፋው ነው፤ ስኳር የተወ አፍ እኮ ሁሉ ነገር ይጣፍጠዋል» አለቻት። አመነቻት። እናታቸው ከሞቱ ወዲህ ያሳደገቻት እህት ናት፤ ያሳደገውን የሚጠረጥር ማን አለ? ደግሞ በማመን ብቻ አላበቃችም። ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ግንቡን ተደግፋ «ጌታዬ፣ ምላሴን ለወጥክልኝ፤ መራራውን አጣፈጥክልኝ» ብላ አልቅሳ አመስግናለች። ለቢሮ ሰው ሳይቀር ተአምር ነው ብላ አውርታለች። ከዚያ ክሊኒክ ስትሄድ ስኳሯ ወጥቶ ተገኘ። ነርሷ «ምን እየበሉ ነው?» አለቻት፤ «ምንም» አለች፤ ነርሷም ውሸታም ሰው በሚታይበት ዓይን አየቻት። ሐኪሙ ሊገጥም ደርሶ የነበረውን ቁስል ገልጦ አየና፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ካልተሻለው ስለ ጣቱ ሌላ ነገር እናወራለን አላት። ሌላው ነገር ምን እንደሆነ አምሳለ አልጠየቀችም፤ ታውቀዋለች። ያን ቀን እግዚአብሔር ፊቱን ያዞረባት መሰላት። አንድ ያልተናዘዝኩት ነገር ቢኖር ነው ብላ ኃጢአቷን ከልጅነቷ ጀምራ ስትለቅም ከረመች። የሃያ ዓመት ቂም፣ የሰረቀችው የጎረቤት ሎሚ፣ ሁሉንም። ለካስ ማር ነው! በማር አመሰገነችው፤ በማር ተቀየመችው። ይህን የሠራባት ደግሞ ጠላት አይደለም፤ እዚያ ኩሽና ውስጥ ጋቢ ደርባ የምታማስል የእናቷ ልጅ ናት።

ነገሩ ያልገባው ሰው «አንድ ማንኪያ ማር ነው፤ ይሄ ምን ያስቆጣል?» ይል ይሆናል። ይበል። አምሳለ ስኳርን የተወችው በሐኪም ፍርሃት አይደለም። የሐኪም ፍርሃት ከሳምንት አያልፍም፤ ሞክራዋለች። በሽታው በታወቀ ሰሞን የእህቷ ልጅ ፍሬሰላም መስቀል ፍላወር አካባቢ ያለ ጂም አስመዝግባት ነበር፤ የወሩን ከፍላ ጥቂት ቀን ሄደችና መስታወት ፊት ከነሆዷ መቆም ቢያሳፍራት ቀረች። ስልኳ ላይ እርምጃ የሚቆጥር ነገር ጫኑላት፤ ስልኩ ሊቆጥር ተዘጋጀ፣ እሷ ግን ተቀመጠች። «ከሰኞ ጀምሮ» ያለችባቸው ሰኞዎች ቢሰበሰቡ ዓመት ይሞላሉ። ከዚያ እግሯ ቆሰለ። አባታቸው ጋሽ ፍቅሬ በዚሁ በሽታ እግራቸው ከጉልበታቸው በታች ተቆርጦ፣ ሳሎን ጥግ እንደተቀመጡ ነው ያረፉት፤ ያን ቁስል ስታጥብ የነበረችው ደግሞ ትንሿ ልጃቸው አምሳለ ናት። የራሷን ጣት ስታይ ያ ሽታ ተመልሶ አፍንጫዋ ውስጥ ገባ። እየሮጠች ቂርቆስ ሄዳ ተሳለች። ሰው ጥላ ይሳላል፣ ምንጣፍ ይሳላል፣ መጋረጃ ይሳላል፤ እሷ «እግሬን ካተረፍክልኝ፣ በየጧቱ በእግሬ እመጣለሁ» አለች።

የነፍስ አባቷ አባ ዘአማኑኤል ይህን ሲሰሙ ሳቅ ብለው ነበር። «እግሩንስ እሱ ይጠብቅልሽ፤ አፍሽን ማን ሊጠብቅልሽ ነው?» አሏት። መድኃኒት የምትወስድ ሴት ባዶ ሆዷን እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት የለባትም ብለው የጾሟን ሰዓት አቀለሉላት፤ በምትኩ ሌላ ጾም ሰጧት። «ያንቺ ጾም ስኳር ነው። ይሄኛው ፍስክ የለውም። ሥጋሽ የእግዚአብሔር ቤት ነው፤ የእሱን ቤት የሚጠርግ ሰው ዛሬ ደክሞኛል ብሎ አቧራውን አይተወውም።» ይህ ነው የያዛት። ሐኪሙን መዋሸት ይቻላል፤ ስልኩን ማጥፋት ይቻላል፤ ጾም ግን ሰው አላየኝም ተብሎ አይገደፍም። መጀመሪያ ስእለቱን ፈርታ ነበር ጧት የምትነሳው። ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ግን ፍርሃቱ የት እንደገባ ሳታውቅ፣ ናፍቋት መሄድ ጀመረች። ሻይ ቤት በር ላይ ስታልፍ ቦምቦሊኖው ቢሸታትም ልቧ አልሄደበትም። ዕድሜዋን ሙሉ ለምንም ነገር እንዲህ ታማኝ ሆና አታውቅም።

ከኩሽናው ጀማነሽ ብርጭቆውን ይዛ ወጣች። «ተነስተሻል? ነይ ጠጪ፣ ትኩስ ነው። ዛሬ እንኳ ጨርሺው አምሳልዬ፣ በሞቴ። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ፊትሽ ቀላ ብሎ ይታይ» አለች። ልደት ከኋላዋ መሬት መሬት ታያለች። አምሳለ ብርጭቆውን ተቀበለች፤ ሙቀቱ መዳፏን ደስ አሰኛት፤ ቀረፋው ሸተታት። ያን ሁሉ ጊዜ ይህን ሽታ ስትናፍቅ ነው ጧት የምትነቃው፤ አሁን ግን ብርጭቆውን ከአፍንጫዋ አራቀችው። አፏን ልትከፍት ስትል ፍሬሰላም ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ፣ እየዘፈነች ከመኝታ ቤት ወጣች። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽማግሌ መልስ ሊቀበል ይመጣላታል። አምሳለ ልጅቷን አየቻትና ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ስመለስ» ብላ ወጣች።

መንገድ ላይ ነው ንዴቱ በደንብ የመጣላት። ጀማነሽ እኮ ጾም የማታውቅ ሴት አይደለችም! በሁዳዴ ብስኩት ገልብጣ ወተት አለው የለውም ብላ በመነጽር የምታነብ፣ ፍስክ የነካ ቢላ ለብቻው የምታስቀምጥ፣ ልደት በስህተት የቅቤ ማንኪያ የጾም ሽሮ ውስጥ ብትነክር ድስቱን ከነወጡ ያስደፋች ሴት ናት። የሰው ሽሮ ውስጥ በሁዳዴ ቅቤ ደብቆ የሚጨምር ቢኖር በጠበል ይጠመቅ ነበር የምትለው። የእህቷን ጾም ግን በየጧቱ በገዛ እጇ አስገደፈች። ለምን? የአምሳለ ጾም በግድግዳው ካላንደር ላይ ስላልተጻፈ? ደግሞስ ለማር ብር የተገኘው ከየት ነው? ጎመንና ሰላጣ ግዙልኝ ስትል «ኧረ ተወደደ፤ አንድ እስር ጎመን እኮ ዛሬ ወርቅ ነው» የሚባልበት ቤት ነው! ለሚያድናት ነገር ኑሮ ውድ ነው፤ ለሚገድላት ነገር ነጭ ማር ይገዛል። በዚህ ከተማ ሰው የሚወድሽ ስትወፍሪ ነው። ከሳ ያልሽ ቀን ወይ ታመሻል፣ ወይ ዘመድ አስርቦሻል፤ ሦስተኛ ነገር የለም።

አባ ዘአማኑኤል ከቅዳሴ ወጥተው ዛፍ ሥር ካለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ አረፍ ብለው ነበር። አምሳለ መስቀላቸውን ተሳልማ «አባ፣ ጾሜን ገድፌአለሁ» አለቻቸው። ምን በልተሽ አሏት። እንባዋ እየቀደማት ነገረቻቸው፤ ማሩን፣ ቀረፋውን፣ ምላሴን ለወጠልኝ ብላ ማመስገኗን፣ ተወኝ ብላም ማጉረምረሟን። አባ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ።

«ሳታውቂ የገባብሽ ያንቺ አይደለም» አሉ። «ምስጋናሽም ሐሰት አይደለም፤ የቀመስሽው ማር ቢሆንም ያመሰገንሽው እሱን ነው። አሁን ግን አውቀሻል። ከዛሬ ጀምሮ የምትቀምሽው ያንቺ ነው።»

«ዛሬ ለልጅቷ ሽማግሌ ይመጣል አባ። ነገሩን ባነሳው ቤቱ ይበጠበጣል። ለዛሬ ዝም ልበል?»

«ዝም በማለትማ እናንተን ማን ይችላችኋል?» አሏት። «አባትሽንም በዝምታ ነው የሸኛችኋቸው።»

አምሳለ ይህ የት ላይ እንዳረፈ ታውቃለች። አባቷ እግራቸው የተቆረጠ ጊዜ ለጀማነሽ ሽማግሌ ሊላክ ነው ይባል ነበር። በዘራቸው ስኳር አለ እንዳይባል፣ እናቷና ጀማነሽ ተማክረው «መኪና ገጭቷቸው ነው» ብለው ለሰፈር አወሩ። አባቷም የገዛ በሽታቸውን እስኪሞቱ ድረስ መኪና እያሉ ጠሩት። ለቅሶ የመጣው ሰው ሾፌሩን ሲረግም ነው የዋለው። የሌለ ሾፌር ተረገመ፤ ስኳሩ ግን ማንም ክፉ ሳይናገረው እቤት ተቀመጠ፤ ዓመት ቆጥሮም አምሳለን አገኛት። አባ የአባቷም የነፍስ አባት ስለነበሩ ይህን ሁሉ ያውቃሉ።

ቁስሉ ዳግም ከተከፈተ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቢሮ የሚወስደውን መንገድ ግማሹን በታክሲ እንድትሄድ ሐኪሙ አዟታል። ስታዲየም አካባቢ፣ ካልሲና የስልክ መሸፈኛ አስፋልት ዳር የሚዘረጉትን አልፋ ሚኒባስ ያዘች። ካዛንቺስ ስትወርድ ያ ሁሉ የምታውቀው ቤት የነበረበት ቦታ ሣር ለብሶ አበባ ተተክሎበት፣ ሰፊው የእግረኛ መንገድ ታጥቦ ያበራል። ለእግረኛ እንዲህ ያለ መንገድ ተሠርቶ፣ ሰዉ ዳር ዳሩን መኪና ውስጥ ተቀምጦ ስልኩን እያየ ያልፋል። የምትሠራው በአንድ የግል ድርጅት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው፤ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ይገባሉ። የዛሬው ግማሽ ቀን ደግሞ የአንዱ የሥራ ባልደረባ እድገት ማግኛ ሆኖ ኬክ ተቆርጦ ጠበቃት። አብራት የምትሠራው ሊዲያ ድርሻዋን በሶፍት ላይ አድርጋ አመጣችላት።

«አይ፣ ይቅርብኝ ሊዲዬ።»

«ማለቴ፣ አምሳልዬ፣ አንድ ቁራጭ ምን ያደርግሻል? ኤኒዌይ፣ እኔ እኮ አንቺን ነው የማደንቀው። እኔ በወር በወሩ አፕ እቀይራለሁ፣ ዳይት እጀምራለሁ፣ በቃ አርብ ላይ አልቆ ቁጭ። ሞቲቬሽንሽን ንገሪኝማ፣ እውነት!»

ባለፈው ወር ቢሆን አምሳለ ግማሽ ሰዓት ታወራላት ነበር። ዛሬ «እግዚአብሔር ነው» ልትል አሰበችና የማሩ ነገር ትዝ አላት። ከዚያ ግን አንድ ነገር ታሰባት። ያን ሁሉ ጊዜ ስኳሯ ከፍ ብሎ፣ ነርስ ውሸታም አድርጋት፣ ቁስሉ ተከፍቶ፣ እግዚአብሔር ትቶኛል እያለች እንኳን ጧት መነሳቷን አላቆመችም። ተቀይማውም ትሄድ ነበር። አኩርፋ ግንቡ ሥር ቆማ፣ ሳትናገር ተመልሳ ታውቃለች፤ ግን ሄዳለች። ትርፍ አገኝበታለሁ ብሎ የሚሄድ ሰው ትርፉ ሲቀር ይቀራል፤ እሷ አልቀረችም። «ቃል ሰጥቻለሁ» አለች ለሊዲያ። «ለማን?» ስትላት፣ «ለማይረሳ» ብላ ሥራዋን ቀጠለች። ሊዲያ ሁለቱንም ኬክ በላች።

ሰባት ሰዓት ላይ ቤት ስትደርስ ሳሎኑ ሌላ ሳሎን ሆኖ ጠበቃት። የሶፋው ልብስ ተቀይሯል፤ የጎረቤት ወንበር ተደርድሯል፤ ለስላሳው በሳጥን፣ ጠጁና ብርዙ በጀሪካን ገብቷል። ግድግዳው ላይ ያለው የአባታቸው ፎቶ እንኳ ተወልውሏል፤ ባቡር ጣቢያ ሲሠሩ የለበሱትን ኮት ለብሰው፣ ከወገባቸው በላይ ብቻ። ጀማነሽ በጥድፊያ ላብ በላብ ሆና፣ አንድ ትልቅ የውሃ ጆግ ከእጇ ሳትለይ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ሰሞኑን ውሃ የሚያህልባት ነገር የለም፤ ሌሊትም ስትነሳና ስትተኛ ነው የምታድረው። የልጇ ነገር አስጨንቋት ነው ይላል ሰዉ። አምሳለ እጇን ይዛ ወደ መኝታ ቤት አስገባቻትና በሩን ዘጋች።

«አጥሚቱ ውስጥ ማር ታደርጊያለሽ?»

«ምን ማር?» አለች ጀማነሽ። ከዚያ የእህቷን ፊት አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አዎ፣ አደርጋለሁ! ምን ላድርግ? መስታወት አታይም? ባለፈው ለቅሶ ቤት አንዷ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? እህትሽ ምን በልቷት ነው እንዲህ የመነመነችው አለችኝ። እህቷን አስርባ ገደለቻት ልባል ነው? ዛሬ ደግሞ ሰዎቹ ያዩሻል። ይጠይቃሉ። ያ ነገር ከተሰማ አባባም ይነሳሉ፣ አንቺም ትነሻለሽ፣ ልጄ ቆማ ልትቀር ነው። አንቺ ወፈር ብለሽ፣ ከሰው ጋር በልተሽ ጠጥተሽ ከታየሽ ማን ምን ይጠረጥራል?»

«ጣቴን ሊቆርጡት ነው እቴቴ።»

ጀማነሽ ጆጉን አንስታ ጠጣች፤ ረጅም ጠጣች። «ለዛሬ ብቻ» አለች ከንፈሯን ጠርጋ። «ለዛሬ ብቻ ዝም በይልኝ። እንደ እናት ነው ያሳደግሁሽ።» እንደ እናት ማሳደጓ እውነት ነው። የራሷን ጫማ ሳትቀይር ለአምሳለ የትምህርት ቤት ጫማ ገዝታለች። ይህን ያህል የከፈለ ሰው ያሳደገውን ሰው እግር ይገዛል ወይ? ሁለቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ውጭ ልደት ብርጭቆ ስታጥብ አዳመጡ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አንዷ የሌላዋን እጅ ትይዝ ነበር። ጀማነሽ ተነስታ ቀሚሷን አስተካክላ ወጣች።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ሆነው በሰዓታቸው መጡ። በዚህ ዘመን ነገሩን የሚጨርሱት ልጆቹ ናቸው፤ ሽማግሌው ለወጉ ነው የሚመጣው፤ ወግ ግን የዋዛ አይደለም። የቤቱን ወንድ ወገን ወክሎ አንድ አጎት ተቀምጧል። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ ጋሽ ተከስተ የሚባሉ፣ ግራጫ ሱፍ የለበሱ፣ ደልደል ያሉ ጨዋ ሰው ናቸው። ተነስተው ቆመው፣ ባለፈው የተናገሩትን በአዲስ ምርቃት አሳምረው መልስ ጠየቁ፤ አጎትየውም ቆይ ጥቂት ተጫወቱ፣ መልሱ ይደርሳል አላቸው። ብርዝ ተቀዳ። ጠጅ ለማይጠጣ የሚቀርብ ያልፈላ የማር ውሃ ነው፤ ሰው አልኮል የለውም ብሎ እንደ ውሃ ያወርደዋል። ጋሽ ተከስተ አንዱን ብርጭቆ ጨርሰው ሌላ ሲቀዳላቸው በቃኝ ሊሉ እጃቸውን አነሱ፤ ጀማነሽ «ኧረ በሞቴ፣ ጋሼ!» ስትላቸው እጃቸውን መልሰው ተቀበሉ። ከዚያ ዓይናቸው ፎቶው ላይ አረፈ።

«ጋሽ ፍቅሬን እኮ አውቃቸዋለሁ» አሉ። «ባቡር ጣቢያ ሲሠሩ። ነፍሳቸውን ይማር፤ ሲራመዱ መሬቱ ይሰማው ነበር። በኋላ እግራቸውን አጡ ሲሉ ሰምቼ አዘንኩ። ምን አግኝቷቸው ነው?»

«መኪና ነው፤ መኪና ገጭቷቸው» አለች ጀማነሽ፤ ጥያቄው ሳያልቅ ነው የመለሰችው። «እንጂ ቤታችን ጤነኛ ነው፤ ከዘር የሚወርድ ምንም የለብን። ይኸው እህቴ፣ ትንሽ ሥራ በዝቶባት ነው እንጂ… እንቺ አምሳልዬ፣ ከአባቶች ጋር አንድ ቅመሺ። በሞቴ።»

ብርዙ በአምሳለ እጅ ገባ። ሰው ሁሉ ያያታል። ፍሬሰላም ከመኝታ ቤቱ በር ጋር ቆማ ታያለች፤ አጎትየው ያያል፤ ከግድግዳው ላይ አባቷ ያያሉ። ብርጭቆው ቀዝቃዛ ነው፤ ወርቅ የመሰለ ነው፤ አንድ ጉንጭ ብቻ ይበቃል፤ ከዚያ «እሺ» ይባላል፣ እልል ይባላል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ማንም አያውቅም። ጾም ግን ሰው አላየኝም ተብሎ አይገደፍም፤ አሁን ደግሞ አውቃለች። ከፎቶው በታች ያለውን፣ ፎቶው ውስጥ ያልገባውን እግር አሰበች። ያጠበችው እሷ ናት፤ እስከ መጨረሻው ቀን። ያ እግር ይሄን ያህል ዓመት መኪና ሲባል ኖረ!

«አባባን መኪና አልገጫቸውም» አለች። «ስኳር ነው እግራቸውን የወሰደው። እኔም ስኳር አለብኝ ጋሼ፤ ሥራ በዝቶብኝ አይደለም የከሳሁት። ስኳርና ማር ላልቀምስ ለእግዚአብሔር ቃል ገብቻለሁ፤ እግሬን እንዲያተርፍልኝ። የእህቴ ልጅ ከዚህ ቤት የተሻለች ልጅ ናት፤ ብትወስዷት ትጠቀማላችሁ፤ ግን በውሸት አትውሰዷት።»

ጀማነሽ ፊቷ ተለዋወጠ። «ኧረ ተዪ፣ ምን ነካሽ…» ብላ ሳቅ ልታስመስል ሞከረች። አምሳለ ተነስታ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ለእህቷ ሰጠቻት። ንዴቷ ሁሉ አሁን እዚያ ብርጭቆ ውስጥ ነበር። «አንቺ ግን ጤነኛ ነሽ አይደል እቴቴ? ለኔ ስትጨምሪ የከረምሽውን አንድ ጊዜ አንቺ ጠጪልኝ። በሞቴ።»

ጀማነሽ ተቀበለች። ሰው ሁሉ ፊት በሞቴ ተብሎ የተሰጠ ነገር አይመለስም፤ ዕድሜዋን ሙሉ ሰውን ስታበላበት የኖረችበት ቃል ነው። ወደ ከንፈሯ አስጠጋችው፤ መልሳ ዝቅ አደረገችው። «እማዬ፣ ጠጪው እንጂ፤ ምን ሆንሽ?» አለች ፍሬሰላም ከበሩ። ጀማነሽ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው ተንኳኳ።

«ዶክተሩ ከልክሎኛል» አለች። ለመስማት ጆሮ መጣል ያስፈልግ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለች አምሳለ።

«ከፋሲካ ወዲህ።»

አምሳለ ቁጭ አለች። ከፋሲካ ወዲህ። አጥሚቱ መጣፈጥ የጀመረው ከፋሲካ ወዲህ ነው። የውሃው ጆግ፣ የሌሊቱ መነሳት፣ ዓይኗ ሥር የነበረ ነገር ሁሉ አሁን ገባት። እህቷ የራሷን አፍ ዘግታ፣ የራሷን ኪኒን ደብቃ፣ ማሩን ወደ እሷ ብርጭቆ አዞረችው። ሰው አንድ ወፍራም እህት አይቶ ሌላዋን እንዳይጠረጥር! ሳታውቅ ብታደርገው ቀላል ነበር። እያወቀች ነው፤ ስኳር ምን እንደሚያደርግ ከደሟ እያወቀች። አጎትየው ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

ጋሽ ተከስተ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ፊታቸው ያለውን ሁለተኛውን ብርጭቆ፣ ግማሽ የቀረውን፣ በጣታቸው ቀስ አድርገው ወደ ጠረጴዛው መሃል ገፉት። ከሱፍ ኮታቸው የውስጥ ኪስ በወረቀት የተጠቀለለ ኪኒን አወጡና ወደ ልደት ዞር አሉ። «ልጄ፣ እንደው ለእኔም ውሃ ብታመጪልኝ» አሉ። ሁለቱ ጓደኞቻቸው ደንግጠው አዩአቸው፤ እነሱም አያውቁም ነበር። ጋሽ ተከስተ ውሃውን ጠጥተው፣ አፋቸውን በመሐረብ ጠርገው ቀና አሉ። «እኛ የመጣነው ልጅ ልንጠይቅ ነው፤ ደም ልንመረምር አይደለም። መልሳችሁን እንስማ» አሉ። አጎትየው እፎይ ብሎ እሺ አለ። እልልታው ዘገየ፤ የጀመረችውም ልደት ናት።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ አምሳለ ኩሽና ገባች። የጧቱ አጥሚት እዚያው መደርደሪያ ላይ ቆዳ አውጥቶ ተቀምጧል። አንስታ ደፋችው፤ ብርጭቆውን በሙቅ ውሃ ደጋግማ አጠበችው፤ ቀረፋው እስኪለቅ። ጀማነሽ መጥታ ከኋላዋ ቆመች። አልቅሳ ነበር፤ ዓይኗ አብጧል። «ይቅር በይኝ አምሳልዬ» አለች። አምሳለ አልዞረችም። ይቅርታ መስጠት እንዳለባት ታውቃለች፤ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ትሰጣለች፤ ዛሬ ግን ቁስሏ ይጠዘጥዛታል፤ ዛሬ የለም።

«ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እቀሰቅስሻለሁ። አብረን እንሄዳለን» አለች።

«እሁድ አይደል፣ ቅዳሴ መቼ ቀርቼ አውቃለሁ?»

«በታክሲ አይደለም። በእግር ነው።»

«በእግር! እግሬን እኮ ያመኛል አምሳልዬ፤ ውስጥ እግሬን ያቃጥለኛል፣ አንዳንዴ እንደ መርፌ…»

አምሳለ ብርጭቆውን ገልብጣ አስቀመጠችና ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እህቷ ዞረች።

«የሚያምሽ እግር ስላለሽ ነው» አለቻት። «ተመስገን በይና ተኚ።»